ጣሪያው ላይ የተሰጠ ቃል

በመጀመሪያ የምትሰማው «ጠቅ» የምትል ድምፅ ናት። ከእሷ ቀጥሎ ትንፋሽ፤ አጭር፣ በአፍንጫ የሚሳብ። ከዚያ ነው የኤልበርት ድምፅ የሚመጣው።

«አለህ?»

«አለሁ።»

«ውሃ ጠጣህ?»

«ጠጣሁ። አንተ ደግሞ አሁን እናቴን ሁን!»

«እናትህ ብትሆንማ ከዚያ መኪና ውስጥ ጆሮህን ይዛ ታወጣህ ነበር።»

ሎኒ ሳይዝሞር በሄልሜቱ ውስጥ ሳቀ። ከመቀመጫው ጋር በቀበቶ ተጠፍሯል፤ አንገቱ እንዳይዞር በማሰሪያ ተይዟል፤ መስኮቱ ላይ መረብ ተወጥሮበታል። እንዲህ የተቀመጠ ሰው ከፊቱ ካለው መኪና ፓራውልት በቀር እምብዛም የሚያየው የለም። ጎኑን የሚያይለት ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ከሕዝቡ መቀመጫ በላይ፣ ጣሪያው ጫፍ ላይ ቆሞ፣ «ከውጭ አለ፣ ከውስጥ አለ፣ ነጻ ነህ» እያለ በሬዲዮ ይነግረዋል። ቃኚ ይሉታል። ነጂው በሰዓት መቶ ዘጠና ማይል እየበረረ «ነጻ ነህ» ሲባል መሪውን ያዞራል። አይቶ አይደለም፤ አምኖ ነው። ሎኒ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያመነው ድምፅ የታላቅ ወንድሙ የኤልበርት ነው።

ዕለቱ የጥቅምት ቅዳሜ ነበር፤ ቦታው አላባማ ያለው ትልቁ ሜዳ። ሎኒ ያን ቀን ካላሸነፈ እሑድን አያያትም።

እነሱ ዘንድ ቅዳሜና እሑድ የቀን ስም ብቻ አይደሉም። ቅዳሜ የሚነዳ ገና በመውጣት ላይ ያለ ነው፤ እሑድ የሚነዳ የደረሰ። አገሩ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ተዘርግቶ የሚያየው የእሑዱን ነው። ለእሑድ ነጂ ያለው አርባ ወንበር ብቻ ነው። የመኪናው ባለቤት ሚስተር ሆልብሩክ፣ በሦስት ክፍለ አገር የድንጋይ ካባ ያላቸው ሽማግሌ፣ በፀደይ ሎኒን ጠርተው ነግረውታል፦ «ልጄ፣ ለሚመጣው ዓመት አንዲት የእሑድ መኪና አለችኝ። ዘንድሮ አንድ ጊዜ አሸንፍልኝና ያንተ ናት። ካላሸነፍክ አባቱ ስፖንሰር ይዞለት የሚመጣ ሌላ ልጅ አለ። እኔ ደግሞ አንተን ብወድህም ከድንጋይ ነው የምበላው፤ ልቤም ትንሽ እንደሱ ነው።» ፀደይ አለፈ፣ በጋው አለፈ። ሎኒ አራት ጊዜ ሁለተኛ ወጣ። አራት ጊዜ!

የመጀመሪያው መኪናቸው የኤልበርት ነበር። ይኼን የሚያውቁት የአገራቸው ሰዎች ብቻ ናቸው። ከቨርጂኒያ ተራሮች መካከል፣ የከሰል ጉድጓዶቹ በተዘጉበት ሸለቆ፣ አባታቸው ዶሮ ያረባበት የነበረውን ረጅም ቆርቆሮ ቤት ጠርጎ ጋራዥ ያደረገው ኤልበርት ነው። ሁለት ዓመት እንጨት መሰንጠቂያ ሠርቶ አሮጌ መኪና ገዛ፤ ውስጧን አወጣና በብረት ቱቦ አጥር ሠራላት። አንድ በጋ ሙሉ ከኮረብታው ጀርባ ባለው የአፈር ሜዳ ነዳት። መጥፎም አልነበረም። አንድ ቀን ግን ትኩሳት ያዘውና፣ «እስቲ ሞተሩን አሙቅልኝ» ብሎ መሪውን ለታናሹ ሰጠ። ራሱ የጭነት መኪና ጀርባ ላይ ቆሞ ተመለከተ። ሎኒ ስድስት ዙር ዞረ። ከመኪናው ሲወርድ ኤልበርት ጓንቱን አውልቆ ዘረጋለት።

«ያዝ።»

«ለምን?»

«ከእንግዲህ አንተ ነህ የምትነዳው።»

«አንተስ?»

«እኔ ከላይ ሆኜ ሳይ ይሻለኛል።»

አለቀ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ መሪ ኋላ አልተቀመጠም። ከአፈሩ ወደ አስፋልት ወጡ፤ ከአስፋልቱ ካሮላይና ወዳሉት ሜዳዎች፤ ከዚያ ወደ ፒክአፖቹ ውድድር፤ ከዚያ ወደ ቅዳሜው። በየመንገዱ ዳቦ ውስጥ ሞርታዴላ እየከተቱ በሉ፤ መኪና ውስጥ ተኙ፤ የአንዱ ካልሲ የሌላው ሆነ። ሎኒ በወጣ ቁጥር ኤልበርትም ይወጣል፤ ጣሪያው ብቻ ነው ከፍ የሚለው።

ጣሪያው ደግሞ የራሱ ኑሮ አለው። በትልቁ ሜዳ ላይ ብቻውን የሚሮጥ መኪና ነፋሱ ይበላዋል፤ ሁለት መኪኖች አፍንጫና ጅራት ገጥመው ከሄዱ ግን ይበራሉ። ስለዚህ ነጂ ያለ ነጂ አይሆንለትም። ነጂዎቹ እርስ በርስ መነጋገር አይችሉም፤ የሚነጋገሩላቸው ክንድ ለክንድ ተጠጋግተው ጣሪያው ላይ የቆሙት አርባ ቃኚዎች ናቸው። «ያንተ የኔን ያስገባው፣ የኔ ያንተን ይግፋው» ይባባላሉ። ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ። አንዱ የሌላውን ትከሻ ሁለት ጊዜ በጣቱ መታ ካደረገ ቃል ነው። በዚያች ቃል ሰው ነፍሱን አስይዞ ይሄዳል።

ከኤልበርት ጎን ሁልጊዜ የሚቆመው ዴንቨር ስቶክስ የሚባል፣ ሁለት ጣቱን መጋዝ የወሰደበት ሽማግሌ ነው። የተቀቀለ ኦቾሎኒ በከረጢት ይዞ ይመጣል፤ ግማሹ የኤልበርት ነው። «መጀመሪያ ተንፍስ፣ ከዚያ ተናገር፤ ያንተ ድምፅ ከተንቀጠቀጠ የልጁ እጅ መሪው ላይ ይንቀጠቀጣል» ብሎ ያስተማረው እሱ ነው። ያች በአፍንጫ የምትሳብ ትንፋሽ የዴንቨር ናት። ዴንቨር የሚያይለት ነጂ ራትሊፍ ይባላል፤ ሁለት ልጆች ያሉት፣ ዝምተኛ፣ ጥሩ ነጂ።

ያን ቅዳሜ ሊጠናቀቅ አሥራ ሁለት ዙር ሲቀር ሎኒ ከሰልፉ ወጣ። ሊያልፍ ብሎ ወደ መካከለኛው መስመር ገባ፤ ማንም አልተከተለውም። ነፋሱ ያዘው። አንድ መኪና አለፈው፣ ሁለት፣ አምስት።

«ኤልበርት! የሆነ ሰው ፈልግልኝ! እየሞትኩ ነው!»

ጠቅ። ትንፋሽ። «ታገስ።»

«ምን ታገስ ትለኛለህ፣ እሑዴ እኮ ነው የሚያልፈው!»

«ታገስ አልኩህ፤ አፍህን ይዘህ ቀጥ አድርገህ ንዳ።»

ግማሽ ዙር አለፈ። ሎኒ ሞተሩን ብቻ ሰማ። ከዚያ፦

«ዴንቨርን አነጋግሬዋለሁ። ራትሊፍ ከፊቱ ያስገባሃል። እየገፋህ ሁለታችሁም ፊት ትደርሳላችሁ። በመጨረሻው ዙር ግን የታችኛውን መስመር ትተውለታለህ። አትዘጋበትም። ጎን ለጎን ትሽቀዳደማላችሁ፣ የፈጠነ ያሸንፋል። ቃሌን ሰጥቻለሁ። ሰማኸኝ?»

«ሰማሁ።»

«እሺ በለኝ።»

«እሺ!»

ራትሊፍ አስገባው። እንደተባለው አስገባው፤ ጋዙን ለቀቅ አድርጎ የአንድ መኪና ቦታ ከፈተለት፣ ከኋላ መጥቶ አፍንጫውን ከጅራቱ ገጠመ፣ ገፋው። ዘጠነኛ፣ ስድስተኛ፣ ሦስተኛ። ሁለት ዙር ሲቀር ሎኒ ፊት ነበር። ከፊቱ አስፋልትና ሰማይ ብቻ። ከመንዳት ሁሉ እንዲህ ያለውን ይወደው ነበር፤ ማንም የሌለበት መንገድ፣ በጆሮው ደግሞ የወንድሙ ድምፅ።

የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ድምፁ መጣ።

«ወረደ። ከውስጥ ነው። አፍንጫው ኋላ ጎማህ ጋ ነው። ተወው። ከውስጥ፣ ከውስጥ፣ ከውስጥ…»

ሎኒ መሪውን ወደ ውስጥ አዞረ።

አንድ ጊዜ ብቻ «ጓ» አለ፤ እንደ በር። ከዚያ ስፖኪዮው ውስጥ ጭስ ሞላ፤ ጭሱ ውስጥ የራትሊፍ መኪና በጎኗ ሄዳ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ሎኒ ባንዲራው ሥር አለፈ።

ባሸነፈ ቁጥር፣ አፈሩ ሜዳ ላይ እንኳ፣ ኤልበርት «ና ወደ ቤት፣ ፎከታም!» ይለው ነበር። ሎኒ ጠበቀ። ጠቅ አለ። ትንፋሹ መጣ።

«መስመሩን አልፈሃል» አለው፤ ሌላ ምንም አላለም።

ራትሊፍ በእግሩ ወጣ፤ የትከሻው አጥንት ግን ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሎኒ ላይ ቢራ ተረጨ። ሚስተር ሆልብሩክ አቅፈው ጀርባውን ደበደቡት፤ «እሑድ! እሑድ ልጄ!» እያሉ። ኤልበርት ዘግይቶ መጣ። ሕዝቡን እየገፋ ገብቶ የውሃ ጠርሙስ ዘረጋለት።

«ጠጣ» አለው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ኤልበርት ነበር ፒክአፑን የሚነዳው። ቴነሲ ሲገቡ ሎኒ የመኪናውን ሬዲዮ አጠፋ።

«ኤልበርት።»

«እ።»

«ተናደሃል።»

«የግራ ጎማው ከውስጥ በኩል ቶሎ አልቋል። አይተኸዋል?»

«ስለ ጎማ አልጠየቅኩህም! ዴንቨር ምን አለህ?»

«ምንም አላለኝም። ከረጢቱን አንስቶ፣ ወንበሩን አጥፎ፣ ከኔ ርቆ ጣሪያው ዳር ዘረጋው።»

«ልደውልለት?»

«ምን ብለህ?»

ሎኒ ከመስኮቱ ወደ ወንድሙ ዞሮ፣ «እሺ አንተ ብትሆን ኖሮስ? በዚያች ሰከንድ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» አለ።

ኤልበርት ከፊታቸው የነበረውን የጭነት መኪና አለፈ።

«እኔማ በዚያች ሰከንድ ሆኜ አላውቅም» አለ። «መኪናውን ሰጥቼሃለሁ።»

በዚያ ክረምት ወሬው ከሜዳ ሜዳ ዞረ። የዞረው ግን ሎኒ እንደጠበቀው አልነበረም። እሱን የሰደበው ሰው አልነበረም፤ ነጂ መስመር ሲዘጋ ነጂ ነው ይባላል። ቀበቶ የታሰረ ሰው፣ ደሙ የፈላ፣ ያለ ነገር ነው። «መጀመሪያውኑ መክረውበት ነው» ነው የተባለው። «ኤልበርት እንደሚዘጋበት እያወቀ ነው ሽማግሌውን ትከሻውን የነካው።» ጎማ የሚሸጥላቸው ሰውዬ ፊት ለፊት እየሳቀ፣ «ሳይዝሞሮች እኮ ተንኮለኞች ናችሁ!» አለ፤ እንደ ሙገሳ። ኤልበርትም ሳቀና ጎማውን ተሸክሞ ወጣ። «እኔ አላውቅም ነበር» ብሎ አንድ ቃል ቢናገር ነገሩ ባበቃ ነበር። ያን መናገር ግን ወንድምን አሳልፎ መስጠት ሆነበት። ሎኒ ይኼን ያውቃል። ሌሊት ተኝቶም፣ ቀን ቆሞም ያውቀው ነበር። ዴንቨር ለኤልበርት ስልክ መመለሱን ተወ፤ በገና የሚልካት የኦቾሎኒ ቆርቆሮ አልመጣችም።

ውሉ ሲፈረም ሚስተር ሆልብሩክ ብዕሩን እንደያዙ፣ «ለእሑድ ግን የለመደ ቃኚ ላምጣልህ?» አሉት።

«ወንድሜ ከሌለ አልነዳም፣ ሚስተር ሆልብሩክ» አለ ሎኒ።

ይህን ሲል ደረቱ ሞቀ። ያለበትን ሁሉ የከፈለ መሰለው። ወደ ቤት ሲሄድ መንገዱን ሁሉ ያፏጭ ነበር።

የካቲት ላይ ወደ ፍሎሪዳ ወረዱ፤ የዓመቱ የመጀመሪያ እሑድ። ጠዋት ተጎታች ቤታቸው ውስጥ ብስኩት የሚሉትን ትንሽ ዳቦ በመረቅ ይበሉ ነበር። ኤልበርት ብስኩቱን ለሁለት ከፈለ፣ ደግሞ ለሁለት ከፈለ፣ አልበላውም።

«ስብሰባው ላይ ዴንቨር አለ» አለ።

«እህ።»

«ሁሉም አሉ። ነጂውም ቃኚውም።»

ሎኒ ገባው። ኤልበርት በዕድሜው ከሱ የጠየቀው ነገር ቢኖር ይኼ ብቻ ነው፤ እሱንም ጠየቀ ካሉት።

«ከውድድሩ በኋላ አነጋግረዋለሁ» አለ ሎኒ።

«እሺ» አለ ኤልበርት፤ ሳህኑንም አንስቶ አጠበ።

ከእሑድ ውድድር በፊት አርባው ነጂና አርባው ቃኚ አንድ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ኃላፊው ደንቡን ያነባል፤ አንድ ቄስ ይጸልያል። ሎኒ ከልጅነቱ በቴሌቪዥን ያያቸው ሰዎች አሁን በግራው በቀኙ ማስቲካ ያኝካሉ። ዴንቨር ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ራትሊፍ አልነበረም፤ አጥንቱ አልገጠመም ነበር፤ ሽማግሌው በሱ ቦታ ለመጣ ለሌላ ልጅ ነው የሚያየው።

«ጥያቄ ያለው? አስተያየት ያለው?» አለ ኃላፊው።

አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ አለ ሎኒ በልቡ። ወንድሜ አያውቅም ነበር፤ እሺ ብዬው የዋሸሁት እኔ ነኝ። አሥር ቃል አይሞላም። ግን ከዚያ በኋላ የትኛው ነጂ ነው የሚገፋኝ? ማንስ ከፊቱ ያስገባኛል? ሚስተር ሆልብሩክ በሩ ጋ ክንዳቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። እዚህ ለመድረስ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀ፤ በአሥር ቃል ሊያልቅ! እንዲህ እያለ፣ ሳያስበው፣ ሰውነቱ ከወንበሩ ግማሽ ተነሣ። ወንበሩ ጮኸ። ሰዉ ዞረ። ዴንቨርም ዞረ።

«አቤት፣ ሠላሳ ስምንት ቁጥር?» አለ ኃላፊው።

ሎኒ አፉን ከፈተ። ጎኑ የተቀመጠው ኤልበርት የራሱን ጉልበት ያያል።

«ወደ ጎማ መቀየሪያው ስንገባ… ፍጥነቱ ስንት ነው ያላችሁት?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሁለት ጊዜ ተነቧል፤ ግድግዳውም ላይ ተጽፏል። «አይ ሳይዝሞር!» አለ አንዱ ከኋላ፣ «እሑድ ሲሆን ማንበብ ይጠፋብሃል እንዴ?» ሎኒም ሳቀ፤ ቀልድ ያወራ መስሎ። ዴንቨር ፊቱን መለሰ። ኤልበርት ባርኔጣውን አድርጎ ወደ ጣሪያው ሄደ።

ጠቅ። ትንፋሽ።

«አለህ?»

«አለሁ።»

«ውሃ ጠጣህ?»

«ጠጣሁ።»

ያን ቀን ኤልበርት እንደ ቃኘው ማንም ቃኝቶ አያውቅም። ድምፁ አንዴ እንኳ ከፍ ዝቅ አላለም። ውድድሩ ግን በጊዜ ነው የለየለት። ሎኒ ከሰልፍ በወጣ ቁጥር ብቻውን ነው። ሁለት መኪኖች ከኋላው መጥተው ሊገጥሙት ሲሉ፣ አንዳች ነገር የተነገራቸው ይመስል፣ ይተዉታል።

«ሰው ፈልግልኝ!»

«ጠይቄያለሁ።»

«ማንን?»

«ሁሉንም።»

«ምን አሉህ?»

ጠቅ አለ። «መነጽራቸውን አነሡ» አለ።

ሎኒ ጣሪያው ታየው፤ ወንድሙ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሄድ፣ ሰዎቹ ምንም በሌለበት በኩል ሲያዩ። ሁለት መቶ ዙር እንዲህ ነው። ሠላሳኛ፣ ሠላሳ ሦስተኛ። ሊያልቅ ስምንት ዙር ሲቀር ከፊቱ አሥራ ስድስት መኪኖች ተጋጩና ዓለም በነጭ ጭስ ተዘጋ። ሎኒ ኮፈኑን እንኳ ማየት አቃተው።

«ታች» አለ ድምፁ። «ታች። ታች። ያዘው። አሁን ቀጥ። ፍሬን አትንካ። ትንሽ ወደ ላይ። ቀጥ። ነጻ ነህ።»

ከጭሱ ሲወጣ መኪናው ላይ ጭረት አልነበረም። ሎኒ፣ «ወይኔ ኤልበርት! ወይኔ ወንድሜ! እንዴት አድርገህ አየኸኝ?» አለ።

«ስምንት ዙር ቀርቷል» አለው።

አሥራ ሰባተኛ ወጣ። «ባንዲራው ወርዷል» አለ ኤልበርት፤ ያች ጠቅታ ተሰማች፣ ሬዲዮውም ዝም አለ።

ሎኒ መኪናውን ወደ ቦታው አስገብቶ ሞተሩን አጠፋ። ብረቱ እየበረደ ይንጣጣል። የመስኮቱን መረብ የሚፈታለት ከአፈሩ ሜዳ ጊዜ ጀምሮ ኤልበርት ነው፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አይወድም። ስለዚህ ጠበቀ። ኤልበርት መጣ፤ ከጣሪያው ጀምሮ በእግሩ ስለመጣ ፊቱ በላብ ርሷል። መረቡን ፈታ፣ አጠፈ፣ በቦታው አስቀመጠው። የውሃውን ጠርሙስ ከፍቶ አቀበለው።

«ነገ» አለ ሎኒ ከቀበቶው ጋር እየታገለ። «ነገ ለዴንቨር እደውልለታለሁ። ለሁሉም እነግራቸዋለሁ። ሰማኸኝ? እሺ በለኝ።»

ኤልበርት የጆሮ ማዳመጫውን ከአንገቱ አወጣ። ገመዱን በእጁ ላይ በደንብ ጠቀለለ፤ እንደ ሁልጊዜው፣ እንዳይሰበር ቀስ ብሎ። ከዚያ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠው። ሚስተር ሆልብሩክ «ጥሩ ሥራ ነው» ብለው እጃቸውን ዘረጉለት፤ ጨበጣቸው። በጎማዎቹ ክምር መካከል አልፎ ሄደ።

«ኤልበርት!»

ሎኒ አንገቱን ከማሰሪያው ነቅሎ፣ በመስኮቱ ወጥቶ፣ እግሩ መሬት እስኪነካ አሮጌው ፒክአፕ ተነሥቷል። በአጥሩ በር ወጣ፤ ጠባቂው እጁን አውለበለበለት፤ ከሜዳው ሥር ወደሚያሳልፈው የዋሻ መንገድ ቁልቁል ታጠፈና ገባ።